በእሷ አፍ «እኔ» ብዬ

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። መሐል ሜዳ በምትባል የመንዝ ከተማ አማርኛ አስተምር ነበር። የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆንኩ የመንዝ ብርድ ብዙም አልከበደኝም፤ የከበደኝ ከሥራ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። አንድ ቦታ ተቀምጬ መዋል አልችልም ነበር። ገበያውን እዞራለሁ፣ መናኸሪያ ሄጄ የሚመጣውንና የሚሄደውን ሰው አያለሁ፣ እግሬ ሲደክም ቤቴ ገብቼ እጽፋለሁ። ሦስት ደብተር ሙሉ ልብ ወለድ ነበረኝ። ሰው ሁሉ ለእኔ ታሪክ ነበር። አብሮኝ ሻይ የሚጠጣውን ባልደረባዬን እንኳ የማየው «ይሄን እንዴት አድርጌ ልጻፈው» እያልኩ ነው።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ለተማሪ ምዝገባ ወደ ገጠር ስንሰማራ ለእኔ የደረሰኝ ከከተማው በስተምሥራቅ የሦስት ሰዓት መንገድ የሚያስኬድ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለ መንደር ነበር። እዚያ አንድ ገበሬ ቤቱ አስገብቶ ጠላ ቀዳልኝ። ስንጫወት ቆየንና በበሩ በኩል ወደ ገደሉ እያየ፣ «እዚያ ማዶ ሰው ወድቆ ሞቷል። በገመድ ተንጠልጥሎ ሣር ሲያጭድ። አራት ዓመት ሆነው» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ሚስቱ ከላይ ቆማ ነበር። አልጮኸችም። ቀብሩ ላይም አላለቀሰችም» ብሎ ጠላውን ጨመረልኝ። እኔም አልጠየቅሁም። እውነቱን ለመናገር መጠየቅ አልፈለግሁም። የሰማሁት ይበቃኝ ነበር። መንደሩን ስለቅ ሴትዮዋን ከሩቅ አሳዩኝ፤ ደጇ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትላለች።

ልብ ወለዱን መጀመሪያ «እሷ» እያልኩ ጻፍኩት። ሞተብኝ። እንደ ቀበሌ ደብዳቤ ደረቅ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ሁሉንም ቀደድኩና «እኔ» ብዬ ጀመርኩ። ባሏን ያጣችው ሴት ራሷ ትናገራለች። ብዕሬ ሮጠ። ባሏን ሚስቱን የሚደበድብ ሰው አደረግሁት፤ ለሷ ደግሞ በልቧ የቆየ ቂም ሰጠኋት። የታሪኩ ጫፍ ላይ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ገመዱ ሲላላ አየሁ። አፌን ከፈትኩ፤ ግን አልጮህኩም። ድምፅ አጥቼ አይደለም። ስላልፈለግሁ ነው።» ይህን ጽፌ ስጨርስ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን እየተንጎራደድኩ ሳቅሁ። የሴትዮዋን ስም ቀይሬያለሁ። ገደሉን ግን እንዳለ ተውኩት፤ ሣሩንም፣ ገመዱንም፣ አለማልቀሷንም።

በወላጆች ቀን ታሪኩን መድረክ ላይ ያነበበችው መቅደስ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ድምፅዋ ያምራል። ስታነብ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከኋላ አንድ ሰው ቴፕ ይዞ ሲቀዳ አይቻለሁ። ደስ አለኝ። ድርሰቴ በካሴት ተቀዳ ብዬ።

መቅደስ የዚያው መንደር ልጅ መሆኗን የመዘገብኩት እኔው ራሴ ነበርኩ። በዚያ ቀን ትዝም አላለኝ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ «አንጻር» ብዬ ጽፌ፣ አንደኛ መደብ ተራኪ ከሁሉን አወቅ ተራኪ የሚለይበትን እያስረዳሁ ሳለ የግቢው ጥበቃ በሩን አንኳኩ። «መምህር፣ አንዲት ሴትዮ ይፈልጉዎታል። ከጎህ ጀምሮ ነው የቆሙት።»

በር ላይ የጠበቀችኝ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ በባና፣ ከበግ ጠጉር በተሠራ ወፍራም ልብስ፣ የተጠቀለለች ቀጭን ሴት ናት። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። አላወቅኋትም።

«"እኔ" ብሎ የጻፈው መምህር አንተ ነህ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«በካሴት ያለውን። መቅደስ ያነበበችውን። እታፈራሁ እባላለሁ። ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ።»

«እመቤት፣ እሱ እኮ ልብ ወለድ ነው። የፈጠራ ነገር ነው» አልኳት።

«እሱን ለእኔ አትንገረኝ፤ ለነሱ ንገራቸው» አለች። ድምፅዋን አልጨመረችም። «ካሴቱ ማኅበር ቤት ተከፈተ። ሰው ሁሉ ሰማው። የባሌ ወንድም ሽፈራው "በአፏ አመነች" ብሏል። "መምህሩ ጋ ሄዳ ተናዘዘች፣ እሱም ጻፈው" ነው የሚሉት። ዛሬ ሽማግሌ ተቀምጧል። ወይ ለሕግ ይሰጡኛል፣ ወይ መሬቱን ለወንድምየው ትቼ ከነልጆቼ እወጣለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ እጠበቃለሁ። ሌሊት ተነስቼ የመጣሁት አንተን ልወስድ ነው።»

ሰዓቴን አየሁ። አራት ሰዓት ሊሆን ነው።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ነገርኳቸው። ደንግጠው ተነሱና በሩን ዘጉ። «ደም ያለበት ነገር ውስጥ ነው የምትገባው። ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ ይጠራል። ግምገማ ላይ ይነሳብሃል። ከሄድክም አንድ ነገር ብቻ በል፤ "ከሷ ጋር የሚያገናኘው የለም፣ ከጭንቅላቴ ያወጣሁት ነው፣ የሌላ አገር ታሪክ ነው" በልና ተመለስ።» ምክራቸውን ይዤ ወጣሁ። መልካም ምክር መሰለኝ።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ነፋሱ ከፊት ለፊት ነው። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጣቴ ላይ ገና ጠመኔ አለ። የመጀመሪያውን ሰዓት ሙሉ እኔ ነበርኩ የማወራው። ጸሐፊና ተራኪ የተለያዩ ናቸው፤ «እኔ» የሚለው ቃል በልብ ወለድ ውስጥ ጭምብል ነው፤ አንባቢ እንዲያምን የሚደረግ ዘዴ ነው። ክፍል ውስጥ የምለውን ሁሉ አልኩ። አንዴም ዞር አላለችም። የገብሱን ማሳ አልፈን ወደ ሜዳው ስንወጣ ብቻ ቆም አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያቺ የጻፍካት ሴት ለምን አልጮኸችም?»

«ምክንያቱ... በልቧ ቂም ስለነበራት ነው። ባሏ ይመታት ስለነበር።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። እኔ ነኝ ያሰብኩት።»

አየችኝ። ከዚያ ቀን በፊት ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። «የእኔ ባል እጁን አንስቶብኝ አያውቅም» አለች፤ መንገዷንም ቀጠለች።

ሮጥ ብዬ ደረስኩባት። «ታዲያ ምን ነበር የሆነው? ይንገሩኝ። ላስረዳቸው እችላለሁ።»

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ?» አለች።

ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ቃል አልተነጋገርንም። እኔ ግን በውስጤ አላረፍኩም። የምለውን እደረድራለሁ፣ አፈርሳለሁ፣ ደግሞ እደረድራለሁ። የሌላ አገር ታሪክ ነው ልበል? የት አገር? ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ አሰኝቶኛል። አንዴም እግሬ ቆሞ ነበር። እሷ ግን መከተሌን ለማረጋገጥ ዞር ብላ አላየችኝም፤ እንዲያው ትሄዳለች። ያ ነው የወሰደኝ።

ሽማግሌዎቹ ነፋሱን ሽሽት አንድ የድንጋይ ካብ ተጠግተው ተቀምጠዋል። ሦስት ናቸው። መካከል ላይ ያሉት አለቃ ወንድይፍራው የደብሩ ሰው ናቸው፤ ጭራ ይዘዋል። ከነሱ ወዲህ የመንደሩ ሰው፣ ወንዱም ሴቱም፣ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። የሟቹ ወንድም ሽፈራው ለብቻው ቆሟል። ጋቢውን ከራሱ ላይ ገፈፍ አድርጎ አየኝ።

ጠላ የቀዳልኝ ሰው ነው።

እሱም አወቀኝ። ዓይኑን ሰበረ።

አለቃ ባረኩና ጀመሩ። «መምህር፣ እንግዳ ነህ፤ ስለመጣህ እናመሰግናለን። በካሴት የሰማነው ቃል ያንተ ነው ወይስ የሷ?»

«የኔ ነው።»

ሽፈራው ጣልቃ ገባ። «አንተ ወንድ ነህ። "ባሌ" ያልከው ማንን ነው?»

ማንም አልሳቀም። እኔም ማስተማር ጀመርኩ። «ልብ ወለድ ላይ "እኔ" የሚለው ጸሐፊው አይደለም። ጸሐፊው የፈጠረው ሰው ነው። ተራኪ ይባላል።»

በቀኝ በኩል ያሉት ሽማግሌ ጆሯቸውን ቀሰሩ። «ያ ሰው የት ነው ያለው?»

«የትም የለም፣ አባቴ። የሌለ ሰው ነው።»

«የሌለ ሰው የኛን ገደል እንዴት አወቀው?»

የርዕሰ መምህሩ ምክር ከንፈሬ ላይ ደረሰ። ያን ጊዜ አለቃ እጃቸውን አነሱና አዳኑኝ፤ ወይም ያዳኑኝ መሰለኝ። «ነገሩ እንግዳ አይደለም» አሉ። «ለቅሶ ላይ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ አልሰማችሁም? ሟቹን ሆና "ተነሣሁ፣ ሄድኩ፣ በሬዬን ፈታሁ" ትላለች። እሷ አልሞተችም። በሬም የላት። ሰውም ሞተች አይላትም። የመምህሩም እንደዚያ ነው። በሰው አፍ ተናገረ እንጂ ሴትዮዋ አልተናገረችም።»

ሰው አጉረመረመ፤ ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ በዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት የተማርኩትን እሳቸው በሦስት ዓረፍተ ነገር አስረዱት። እፎይ ልል ስል ሽፈራው አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ።

«አለቃ፣ ልክ ነው ያሉት» አለ። «ግን አልቃሽ ከማውረዷ በፊት ቤተ ዘመዱን ትጠይቃለች። ምን ይወድ ነበር? ማንን ወለደ? ምን እያለ ሞተ? ሳትጠይቅ ብታወርድ ከለቅሶው ያስነሷታል። ይሄ ሰው ማንን ጠየቀ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

እስከ ዛሬ ሳስበው ሕይወቴ ለሁለት የተከፈለው እዚያ ላይ ነው። ነፋሱ ካቡ ላይ ያፏጫል። እታፈራሁ መሬት መሬት ታያለች። ሽፈራው እውነቱን ነበር። በዚያ ሰዓት ከኔ ጋር የሚሟገተው ሰው፣ ስለ ሙያዬ ከኔ የተሻለ ያውቅ ነበር።

«ማንንም አልጠየቅሁም» አልኩ። «ሁለት ነገር ብቻ ሰምቻለሁ። ባሏ በገመድ ተንጠልጥሎ ሳለ ከገደል መውደቁንና እሷ አለመጮኋን፣ አለማልቀሷን። ሌላውን ሁሉ፣ ቂሙንም ዱላውንም "ስላልፈለግሁ ነው" ያለችውንም፣ ከራሴ ነው ያመጣሁት። እሷን ከዛሬ በፊት አነጋግሬያት አላውቅም። ምንም አልነገረችኝም። ስሟን ብቻ ቀይሬ የቀረውን የናንተን አገር እንዳለ ወሰድኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ሁለቱን ነገር ማን ነገረህ?» አሉ አለቃ።

ሽፈራውን አየሁት። ሊያቆመኝ አልሞከረም።

«እሱ ነው» አልኩ። «ቤቱ ጠላ ጋብዞኝ።»

ሰውየው ያስተባብላል ብዬ ነበር። አላስተባበለም። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። «ያየሁትን ነው የነገርኩት። በዚያን ቀን ከገደሉ ማዶ ከብት ፍለጋ ወጥቼ ነበር። ወንድሜ ሲንጠለጠል አይቻለሁ። ሲወድቅም አይቻለሁ። እሷ ከላይ ቆማ ነበር። ቆማ። አልጮኸችም። እኔ ከማዶ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ስጮህ እሷ ዝም ብላ ቆማ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ይሄ ከዓይኔ አልወጣም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ልብ ወለዴ ውስጥ «እኔ» የምትለው ሴት በእታፈራሁ ዓይን አታይም ነበር። ከገደሉ ማዶ በቆመ፣ ወንድሙን ባጣ ሰው ዓይን ነበር ራሷን የምታየው። አፉን ከሷ፣ ዓይኑን ከሱ ወስጄ ሰፍቼዋለሁ።

እታፈራሁ ተነሳች። «ሽፈራው» አለችው፣ «ገመዱን ማን እንደያዘ አይተሃል?»

«ማን ያዘው?»

«ከማዶ አይታይም» አለች። ባናዋን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። መዳፏ ላይ ከጣቶቿ ሥር እስከ አንጓዋ የሚደርስ፣ የነጣና የተሸበሸበ ጠባሳ አለ። በሁለቱም ላይ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ያን እጅ አራት ዓመት ሲፈትል ያላዩት ይመስል።

የተናገረችውን በራሷ አነጋገር ልጻፈው።

«የክዳን ሣር የምናጭድበት ጓሳ በዚያ ዓመት ተዘግቶ ነበር፤ የቤታችን ክዳን ያፈሳል። ስለዚህ የአፋፉን ሣር ልጨድ አለ። ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ፣ ጫፉን ችካል ላይ አሰርን፤ እኔ መሐሉን ያዝኩ። ውርጭ ነበር፣ መሬቱ ልል ነው። ችካሉ ተነቀለ። ክብደቱ ሁሉ እጄ ላይ መጣ። እግሬን ድንጋይ ላይ ተክዬ ወደ ኋላ ተገተርኩ። ሽፈራው ቆማ ነበር ያለው እሱን ነው። መጮህ ፈልጌ ነበር። ለመጮህ ግን ትንፋሽ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ትንፋሼን ሳወጣ ገመዱ ይሄዳል። አንዴ ሞከርኩ፣ ክንድ ሙሉ ሄደብኝ። ከዚያ ጥርሴን ነከስኩ። እሱ ከታች "ልቀቂ፣ አንቺም ትመጫለሽ" አለኝ። እንቢ አልኩ። ደግሞ "ልቀቂ" አለኝ። እንቢ አልኩ። እግሬ ከድንጋዩ ተንሸራተተ፣ አፋፉ ጋ ደረስኩ። በሦስተኛው ቁጣ ተቆጣኝ፤ በኖርንበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ያን ጊዜ ገመዱ ሄደ። እኔ ልልቀቀው፣ እጄ ይልቀቀው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

እጆቿን ባናዋ ውስጥ መለሰች።

«ቀብሩ ላይ እጄ ተልጦ ነበር። ደረቴን የምመታበት እጅ አልነበረኝም። በነጠላ ሸፍኜው ቆምኩ። ለምን አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል። ለማን ልናገር? "ለቀቅሁት" ብል ማን "ያዝሽው" ይለኛል?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ካሴቱን ስሰማ፣ የመቅደስ ድምፅ "እኔ" ሲል፣ ሰው ውስጤ ገብቶ ያየ መሰለኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ምናልባት ልክ ይሆን፣ ምናልባት ሳልፈልግ ቀርቼ ይሆን ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ያንተ ጥፋት ይሄ ነው። እነሱ ቢያሙኝ እችለው ነበር። አንተ እኔን በእኔ ላይ አስነሳህብኝ።»

ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ትንሽ ሆነብኝ።

ሽፈራው ቀስ ብሎ ቀረባት። «ስንት ጊዜ ነው ልቀቂ ያለሽ?»

«ሦስት።»

ጋቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ ካቡን ተደግፎ ተቀመጠ። ትከሻው ብቻ ነበር የሚታየው። ሴቶቹ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመሩ፤ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሟቹ እንደገና የተቀበረ ያህል። አለቃ አላስቆሟቸውም። ለቅሶው ሲበርድ ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። እታፈራሁን ከቤቷም ከመሬቷም ማንም አይነቅላትም። ነገሩን ሰው ዳግመኛ ቢያነሳ የደብሩ ግዝት አለበት። እኔ ደግሞ ታሪኩ በተነበበበት ትምህርት ቤት፣ በሰሙት ሰዎች ፊት፣ ያልኩትን ደግሜ እንድናገር።

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ የተጠሩ ወላጆች ባሉበት፣ ተናገርኩ። መቅደስን አጠገቤ አቁሜ፣ እሷ ጥፋት እንደሌለባት ጭምር። ግምገማው እንደተባለው መጣ፤ ዝቅተኛ ነጥብም ተሰጠኝ። አልከፋኝም። የከፋኝ ሌላ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ገጽ ልብ ወለድ መጻፍ አልቻልኩም። «እኔ» ብዬ በጀመርኩ ቁጥር «ማን ነገረህ?» የሚል ድምፅ ይሰማኛል።

ከሽፈራውና ከእታፈራሁ መካከል ፍጹም እርቅ ወረደ ብዬ ላሳምራችሁ አልፈልግም። ሰላምታ ጀመሩ። በክረምት ክዳኑን የከደነላት እሱ ነው ብለውኛል። ከዚያ ያለፈውን አላውቅም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ መጻፍ የሚያምራችሁ፣ «እንግዲህ ስለ ሌላ ሰው አይጻፍ ነው የምትለን?» ትሉኝ ይሆናል። እንደሱ አልልም። አለቃ እንዳሉት ሙሾ አውራጅም በሰው አፍ ትናገራለች። አሁንም አማርኛ አስተምራለሁ፤ አንጻር የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን ተማሪዎቼን ተራኪው ስንተኛ መደብ ነው ብዬ ብቻ አላልፍም። «ዓይኑስ የማን ነው? የት ቆሞ ነው የሚያየው? እዚያ ቆሞ የማይታየው ምንድን ነው?» እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ለፈተና የማይመጣ ነገር ስለሆነ ይሰለቻሉ። እኔ ግን አልተውም።

ይህን ገጠመኝ ለመጻፍ ሳስብ ያንን መንገድ እንደገና ሄድኩ። ፀጉሯ ሸብቷል። ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ስነግራት ሳቀችና፣ «አሁን እንኳ ጠይቀህ መጣህ» አለችኝ። ጽፌ ስጨርስ ተመልሼ ደጇ ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ስሞቹን አብረን ቀየርን። የሽፈራው ለቅሶ ጽሑፉ ውስጥ እንዲቆይ ራሱን ጠይቃልኝ ፈቀደ። ከራሷ ንግግር ውስጥ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

«እሱን አውጣው» አለችኝ።

ከጽሑፉ ሁሉ የምወደው እሱን ነበር። ብዕሬን አወጣሁና ሰረዝኩት።